«ወደ ቀደመው መርህ እንመለስ» የሚሉት ሪፐብሊካኖች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአሜሪካው ሪፐብሊካን ፓርቲ ውስጥ «ፓርቲያችን መንገዱን ስቷል፤ ወደ ነባሩ መርሁ ይመለስ» የሚል ድምፅ ያልተሰማበትን ዘመን ካለፉት ሰማንያ ዓመታት ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ከዚህ በታች የሰፈሩት ጥያቄዎች ይህን ድምፅ የሚያሰሙት ሰዎች እነማን እንደሆኑ፣ ምን እንደሚፈልጉና እስካሁን ምን እንደቀናቸው ለመረዳት የሚሹ አንባቢዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሷቸው ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ነባር ወግ አጥባቂ የሚባለው ማን ነው? ሪፐብሊካን ሁሉ ወግ አጥባቂ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ሪፐብሊካን የፓርቲ ስም ነው፤ ወግ አጥባቂነት ደግሞ ስለ ሰው ጠባይ፣ ስለ መንግሥት ልክና ስለ ለውጥ ፍጥነት የሚያዝ አመለካከት ነው። ፓርቲው በ1854 ሲመሠረት አባላቱን ያሰባሰባቸው ባርነት ወደ አዳዲሶቹ ምዕራባዊ ግዛቶች እንዳይስፋፋ የመከላከል ዓላማ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም ቢሆን በኒውዮርክና በኒው ኢንግላንድ ለዘብተኛ የሆኑ፣ ሰፊ የመንግሥት አገልግሎትን የሚደግፉ ሪፐብሊካን የግዛት ገዢዎችና ሴኔተሮች ብዙ ነበሩ።

ነባር ወግ አጥባቂዎች የአስተሳሰባቸውን ሥር ወደ ኤድመንድ በርክ ይወስዱታል። በርክ ትውልዱ አየርላንዳዊ የሆነ የብሪታንያ ፓርላማ አባል ነበር፤ በ1790 የፈረንሳይን አብዮት ሲተች ኅብረተሰብን በሞቱት፣ በሕይወት ባሉትና ገና ባልተወለዱት መካከል ያለ ሽርክና አድርጎ ገልጾታል። ይህ አባባል ቅኔ ይምሰል እንጂ ተግባራዊ መልእክት አለው፤ ዛሬ በሕይወት ያለው ትውልድ የውርስ ንብረት ጠባቂ እንጂ ባለቤት ስላልሆነ፣ አባቶቹ የገነቡትን ተቋም በአንድ ምሽት የማፍረስም ሆነ በልጆቹ ስም ያለ ልክ የመበደር ሥልጣን የለውም ማለት ነው። ራስል ኪርክ የተባለው የሚቺጋን ጸሐፊ በ1953 ባሳተመው ሰፊ የታሪክ ሥራ ይህን የበርክ መስመር ከአሜሪካ መሥራቾች ጋር አያይዞ አቀረበው። ከዚያ ወዲህ «ወግ አጥባቂ» የሚለው ስም በአሜሪካ እንደ ስድብ መቆጠሩ ቀርቶ ሰዎች በኩራት የሚጠሩበት መለያ ሆነ።

እንመልሳቸው የሚሏቸው መርሆዎች የትኞቹ ናቸው?

በየንግግራቸው የሚደጋገሙት ብዙ አይደሉም። የፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ ተቆጥሮ የተሰጠው ብቻ ይሁን፤ ቀሪው በ1791 በጸደቀው አሥረኛ ማሻሻያ መሠረት ለግዛቶቹና ለሕዝቡ ይተው። መንግሥት ከገቢው በላይ አያውጣ። ቤተሰብ፣ ቤተ እምነትና የአካባቢ ማኅበር መንግሥት ሊተካቸው የማይገባ የኑሮ መሠረቶች ናቸው። ጦርነት የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፤ ሲታወጅም በኮንግረሱ ይታወጅ። መሪ በግል ምግባሩም የሚመዘን ይሁን።

ችግሩ እነዚህ መርሆዎች እርስ በርሳቸው ሁልጊዜ አለመስማማታቸው ነው። ገበያው ነፃ ይሁን የሚለው ወገንና ቤተሰብና የቀድሞ ሥነ ምግባር ይጠበቅ የሚለው ወገን ለየብቻ የሚጓዙ ናቸው፤ ፋብሪካው ሲዘጋ የሚበተነው ያው ይጠበቅ የተባለው ቤተሰብ ነውና። ዊልያም ባክሊ በ1955 ባቋቋመው መጽሔት ዙሪያ ከተሰባሰቡት አንዱ የነበረው ፍራንክ ሜየር፣ ነፃነት የሌለበት ምግባር ምግባር አይደለም፣ ምግባር የሌለው ነፃነትም አይዘልቅም በሚል ሐሳብ ሁለቱን ለማዋሐድ ሞከረ። ውሕደቱን ያጸናው ግን ክርክሩ ሳይሆን የጋራ ጠላት የነበረው የሶቪየት ኅብረት ነበር ብዬ አምናለሁ። የሶቪየት ኅብረት በታኅሣሥ 1991 ሲፈርስ ማጣበቂያውም አብሮ ለቀቀ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት የውስጥ ጠቦች አብዛኞቹ ከዚያ ስንጥቅ የወጡ ናቸው።

«የቀደመው» ሲባል የየትኛው ዘመን ነው?

ከሁሉም ጥያቄዎች ይህን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም መልሱ እንደ ተናጋሪው ይለያያል። ስለ ቀረጥ የሚደረገውን ክርክር ብቻ እንውሰድ። ዛሬ «በውጭ ዕቃ ላይ ከባድ ቀረጥ መጣል የሪፐብሊካን ባህል አይደለም» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ሊንከን በተመረጠበት በ1860 የፓርቲው ፕሮግራም የአገር ውስጥ ኢንዱስትሪን የሚጠብቅ ቀረጥ ደግፎ ነበር። በ1890 ቀረጡን ከፍ ያደረገው ሕግ በማኪንሊ ስም የሚጠራ ነው፤ እሱም ኋላ ሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1930 የወጣውን የስሙትና የሃውሊ የቀረጥ ሕግ ያረቀቁትም፣ የፈረሙትም ሪፐብሊካኖች ናቸው። እንግዲህ ከፍተኛ ቀረጥ የፓርቲው የሰባ ዓመት እምነት ነበር ማለት ነው፤ ነፃ ንግድ የፓርቲው ዋና ቃል የሆነው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ይልቁንም በሮናልድ ሬጋን ዘመን ነው።

የውጭ ጉዳይም እንዲሁ ነው። አንዱ ወግ አጥባቂ «የቀደመው መርህ» ሲል አሜሪካ በሌሎች አህጉሮች ጦርነት እንዳትገባ የሚሟገተውን የ1940ዎቹን አቋም ማለቱ ነው፤ ሌላው ደግሞ ኮሙኒዝምን በዓለም ዙሪያ የተጋፈጠውን የ1980ዎቹን አቋም ማለቱ ነው። ሁለቱም አልዋሹም። ፓርቲው እንደ አሮጌ ግድግዳ ቀለም በቀለም ላይ የተቀባ ነው፤ ሰው ሲፍቀው የሚያገኘው ቀለም በጣቱ ጥልቀት ይወሰናል። ስለዚህ አንድ ፖለቲከኛ «እንመለስ» ባለ ቁጥር «ወደ ስንት ዓመተ ምሕረት?» ብሎ መጠየቅ ከነገር ፈላጊነት ሊቆጠር አይገባም።

የሴኔተር ሮበርት ታፍት ስም ለምን በተደጋጋሚ ይነሣል?

ታፍት የፕሬዚዳንት ዊልያም ታፍት ልጅ፣ የኦሃዮ ሴኔተር፣ በዘመኑ «አቶ ሪፐብሊካን» የሚል ቅጽል ያተረፈ ሰው ነበር። የፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልትን የመንግሥት ማስፋፊያ መርሃ ግብር ተቃውሟል፤ በ1949 ሴኔቱ የኔቶን ስምምነት 82 ለ13 ሲያጸድቅም ከ13ቱ አንዱ ነበር። በ1952 የፕሬዚዳንትነት እጩ ለመሆን ቺካጎ ላይ ከጄኔራል አይዘንሃወር ጋር ተፎካክሮ ተሸነፈ፤ በዓመቱ ሞተ።

ስሙን በነባር ወግ አጥባቂዎች ዘንድ ያቆየው ግን በእኔ ግምት በግንቦት 1946 የሆነው ነገር ነው። የባቡር ሠራተኞች በመላ አገሪቱ ሥራ አቁመው ነበር። ዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ትሩማን ኮንግረስ ፊት ቀርበው፣ አድማ የመቱትን ሠራተኞች ወደ ጦር ሠራዊት መልምለው እንዲያስገቧቸው ሥልጣን እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ንግግራቸውን ሳይጨርሱ አድማው በስምምነት ማለቁን የሚገልጽ ወረቀት ተቀበሉ፤ ቢሆንም የተወካዮች ምክር ቤት ረቂቁን በዚያው ዕለት 306 ለ13 አሳለፈው። ሕዝቡ ተቆጥቷል፣ ጋዜጦች ጮኸዋል፣ ሁለቱም ፓርቲዎች ተስማምተዋል፤ በሴኔት ውስጥ «ቆይ» ብሎ የተነሣው ታፍት ነበር። ይህ ሰው የሠራተኛ ማኅበራት ወዳጅ አልነበረም፤ በቀጣዩ ዓመት የማኅበራቱን ኃይል የገደበው ሕግ፣ የፕሬዚዳንቱን ተቃውሞ ተሻግሮ የጸደቀው፣ የእሱን ስም የያዘ ነው። ይሁን እንጂ አድመኛን ወታደር አድርጎ በወታደራዊ ትእዛዝ ማሠራት በነፃ አገር የመንግሥት ሥልጣን ሊሆን አይችልም ብሎ ስለሚያምን፣ የማይወዳቸውን ሰዎች ደግፎ ቆመ። ረቂቁ በሴኔት ሞተ።

ጎልድዎተር በ1964 ያን ያህል ተሸንፎ ሳለ እንዴት እንደ ባለ ድል ይቆጠራል?

የአሪዞናው ሴኔተር ባሪ ጎልድዎተር በ1964 ያሸነፈው በስድስት ግዛቶች ብቻ ነው፤ በየግዛቱ ስም ፕሬዚዳንቱን ከሚመርጡት ወኪል መራጮች ድምፅ 52 ሲያገኝ ሊንደን ጆንሰን 486 ወሰደ። ነገር ግን የአሸናፊነቱ ታሪክ ከምርጫው ቀን በፊት ያለቀ ነበር። ደጋፊዎቹ በክሊፍተን ኋይት አስተባባሪነት ከ1961 ጀምረው በየአውራጃው የፓርቲ ስብሰባ እየገቡ፣ ሌላው ሰው የሚሰለቸውን የኮሚቴ ወንበር እየያዙ፣ በሳን ፍራንሲስኮው ጉባኤ ላይ የልዑካኑን ብዛት ጨበጡ። የምሥራቁ ለዘብተኛ ክንፍ ጉዳዩን የተረዳው ቤቱ በሌላ ሰው ከተያዘ በኋላ ነበር። ጎልድዎተር ተሸንፎ ወደ አሪዞና ሲመለስ ወንበሮቹ አብረውት አልተመለሱም፤ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ሬጋንን ያነገሠው መዋቅር በአብዛኛው ያኔ የተዘረጋው ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ተሸፋፍኖ መታለፍ የሌለበት ጥቁር ነጥብ አለ። ጎልድዎተር የ1957ንና የ1960ን የዜጎች መብት ሕጎች ደግፎ የ1964ቱን ግን ተቃውሟል፤ ምክንያቱ ያለው የፌዴራሉ መንግሥት በግል ንግድና በግዛቶች ሥልጣን ውስጥ ይገባል የሚል ነበር። ከ33ቱ ሪፐብሊካን ሴኔተሮች 27ቱ ሕጉን ደግፈዋል፤ የሴኔቱ ሪፐብሊካኖች መሪ የነበሩት የኢሊኖይሱ ኤቨረት ደርክሰን ባይኖሩ ኖሮ የሕጉ ማለፍ ያጠራጥር ነበር። ጎልድዎተር ከራሱ ግዛት ውጪ ያሸነፈባቸው አምስቱ ግዛቶች በሙሉ ጥቁሮች እንዳይመርጡ ሲከለከሉባቸው የኖሩ የደቡብ ግዛቶች ናቸው። የግዛቶች ሥልጣን የሚለው መርህ ለዘር መድልዎ መሸሸጊያ ሆኖ ማገልገሉ እውነት ነው፤ መርሁን ዛሬ የሚያነሣ ወግ አጥባቂም ይህን ሸክም ተቀብሎ ቢናገር ይታመናል፣ የለም ብሎ ቢክድ ግን አድማጭ አያገኝም።

መርህን ወደ ፓርቲ የመመለስ ሥራ በተግባር እንዴት ይሠራል?

ብዙ ሰው የሚያስበው በቴሌቪዥን በሚተላለፍ ንግግር ነው ብሎ ነው። እውነተኛው ሥራ ግን በጣም አሰልቺ ነው። የፓርቲው ዝቅተኛ መዋቅር ፕሪሲንክት ይባላል፤ በአንድ የምርጫ ጣቢያ ድምፅ የሚሰጡ ነዋሪዎችን የያዘ ትንሽ ክልል ነው። በብዙ ቦታ የፕሪሲንክቱ የኮሚቴ ወንበር ተወዳዳሪ ስለማይኖረው ጥቂት ጎረቤቶችን አሳምኖ የመጣ ሰው ይይዘዋል። እነዚህ ሰዎች የአውራጃውን አመራር ይመርጣሉ፤ አውራጃው የግዛቱን፣ ግዛቱ ደግሞ የብሔራዊ ኮሚቴ አባላትን። ብሔራዊ ኮሚቴው 168 አባላት አሉት፤ ከእያንዳንዱ ግዛት፣ ከዋና ከተማዪቱና ከአምስቱ ተጠሪ ግዛቶች ሦስት ሦስት ሰው።

ሁለተኛው መንገድ ቅድመ ምርጫ ነው፤ የፓርቲው እጩ ማን ይሁን የሚለው በመራጮች የሚወሰንበት። በቅድመ ምርጫ የሚሳተፈው መራጭ ጥቂት ስለሆነ ጽኑ እምነት ያለው አናሳ ቡድን ከቁጥሩ በላይ ይመዝናል። በሰኔ 2014 የምክር ቤቱ ሪፐብሊካኖች ሁለተኛ ሰው የነበሩት ኤሪክ ካንተር፣ ዴቭ ብራት በሚባል የቨርጂንያ የኢኮኖሚክስ መምህር የተሸነፉት በዚህ መንገድ ነው።

ሦስተኛው፣ ብዙዎች የሚንቁት፣ የፓርቲውን ፕሮግራም መጻፍ ነው። ፕሮግራሙን የሚያነበው ሰው ጥቂት ቢሆንም የፓርቲው የእምነት መግለጫ እሱ ነው። ፓርቲው ከ1940 ጀምሮ የሴቶችና የወንዶችን የመብት እኩልነት የሚደነግገውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በፕሮግራሙ ሲደግፍ ኖሯል፤ በፊሊስ ሽላፍሊ የተመሩት የወግ አጥባቂ ሴቶች ከ1972 ጀምረው ባካሄዱት ዘመቻ በ1980 ድጋፉ ከፕሮግራሙ እንዲወጣ አደረጉ። አንባቢ በውጤቱ ይስማማም አይስማማም፣ የፓርቲን አቋም በፈቃደኝነት የሚሠሩ ሰዎች ከታች ተነሥተው እንዴት እንደሚለውጡት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

በ1976 ካንሳስ ሲቲ የተካሄደው ጉባኤ ሦስቱንም መንገዶች በአንድ ላይ ያሳያል። ሬጋን በሥልጣን ላይ ያሉትን የፓርቲውን ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድን ተገዳድሮ 1,070 ልዑካን አገኘ፤ ፎርድ 1,187 አግኝተው አሸነፉ። ነገር ግን የሬጋን ሰዎች የፎርድን የውጭ ፖሊሲ በተዘዋዋሪ የሚነቅፍ አንቀጽ በፕሮግራሙ ውስጥ አስገቡ፤ ፎርድም ከፍልሚያ መሸሽን መርጠው ዋጡት። በመጨረሻው ሌሊት ፎርድ ሬጋንን ከላይ ከተቀመጠበት በእጃቸው ጠርተው ወደ መድረኩ አወረዱት። ሬጋን ያለ ጽሑፍ ለጥቂት ደቂቃ ተናገረ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ በሎስ አንጀለስ ተከፍቶ ለሚነበብ ደብዳቤ ምን እንደሚጽፍ ሲያሰላስል እንደነበር ነገራቸው። በአዳራሹ የነበሩት የፎርድ ልዑካን ሳይቀሩ የተሳሳተውን ሰው መረጥን ወይ ብለው እንደተጨነቁ ብዙዎች ኋላ አውስተዋል።

ሬጋን መርሆዎቹን ፈጽሟቸዋል?

ከፊሉን። ከፍተኛውን የገቢ ግብር በሁለት ሕጎች፣ በ1981 እና በ1986፣ ከ70 በመቶ ወደ 28 በመቶ አውርዷል፤ ለጦር ኃይሉ የሚመደበውን ገንዘብ አሳድጓል፤ ለፍርድ ቤቶች ወግ አጥባቂ ዳኞችን ሾሟል። ወጪን መቀነስ የሚለው መርህ ግን አልተፈጸመም። ሥልጣን ሲይዝ ከ1 ትሪሊዮን ዶላር በታች የነበረው የፌዴራል ዕዳ ሲለቅ ከ2.6 ትሪሊዮን በላይ ሆኖ ነበር፤ አፈርሰዋለሁ ያለው የትምህርት ሚኒስቴርም ሳይፈርስ ተረክቦ ሳይፈርስ አስረከበ። ኮንግረሱ በከፊል በዴሞክራቶች እጅ መሆኑ እውነት ቢሆንም፣ ሬጋንን እንደ መለኪያ የሚያዩ ሰዎች ይህን ክፍል ሲዘሉት ማየት የተለመደ ነው።

የነባሮቹ ቅሬታ ከየት ተጠራቀመ?

ከራሳቸው ሰዎች። ጆርጅ ቡሽ አባት በ1988 አዲስ ግብር አልጥልም ብለው ቃል ገቡ፤ በ1990 ከዴሞክራቶች ጋር በተደረሰ የበጀት ስምምነት ቃላቸውን አጠፉ። ፓትሪክ ቡካናን በ1992 በኒው ሃምፕሸር ቅድመ ምርጫ ከመራጩ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ወሰደባቸው፤ ቡካናን ጦርነትን፣ ስደትንና ነፃ ንግድን በአንድ ላይ የሚቃወም ስለነበር ኋላ ከመጣው ነገር ብዙው በእሱ አንደበት ቀድሞ ተሰምቶ ነበር። የቡሽ ልጅ የፕሬዚዳንትነት ዘመን ደግሞ የባሰ ሆነ፤ ፌዴራሉ መንግሥት በትምህርት ቤቶች ላይ ያለው ሥልጣን ሰፋ፣ የኢራቅ ጦርነት ተጀመረ፣ በ2008ም ለባንኮች ማዳኛ 700 ቢሊዮን ዶላር ተፈቀደ። ጦርነቱን ለመፍቀድ በ2002 ድምፅ ሲሰጥ በተወካዮች ምክር ቤት የተቃወሙት ሪፐብሊካኖች ስድስት ብቻ ናቸው።

ከሁሉም የምትገርመኝ ግን የኅዳር 22 ቀን 2003 ሌሊት ናት። ለአረጋውያን የመድኃኒት ወጪን የሚሸፍነው ግዙፍ ሕግ ለድምፅ የቀረበው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ድምፅ መስጫ ብዙውን ጊዜ 15 ደቂቃ ይፈጃል፤ ያን ሌሊት ሕጉ እየተሸነፈ መሆኑን ያዩት መሪዎች ሳይዘጉት ወደ ሦስት ሰዓት ያህል አቆዩት፤ በእነዚያ ሰዓታት እምቢ ያሉትን የራሳቸውን አባላት አንድ በአንድ እየያዙ ሲለምኑና ሲያስፈራሩ ቆይተው ሊነጋ ሲል 220 ለ215 አሳለፉት። የዴሞክራቶችን ወጪ ሲያወግዙ የኖሩ ሰዎች የራሳቸውን ፕሬዚዳንት ወጪ ለማሳለፍ ሌሊቱን አደሩ፤ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

የቲ ፓርቲ እንቅስቃሴና ፍሪደም ኮከስ የዚሁ ትግል አካል ናቸው?

በመነሻቸው አዎን። ቲ ፓርቲ በ2009 ከባንኮቹ ማዳኛና ከኦባማ የጤና መድን ዕቅድ ተቃውሞ ተወልዶ በ2010 ሪፐብሊካኖች በተወካዮች ምክር ቤት 63 መቀመጫ እንዲጨምሩ ረድቷል። በጥር 2015 የተቋቋመው፣ በምክር ቤቱ የወግ አጥባቂ ሪፐብሊካኖች ቡድን የሆነው ፍሪደም ኮከስ ደግሞ በዚያው ዓመት አፈ ጉባኤ ጆን ቤይነር ወንበራቸውን እንዲለቁ ካስገደዱት ኃይሎች ዋነኛው ነበር። ፈተናው የመጣው ሥልጣን ሲቀርባቸው ነው። ከኮከሱ መሥራቾች አንዱ የነበሩት ሚክ መልቫኒ በ2017 የትራምፕ የበጀት ኃላፊ ሆኑ፤ በ2019 የበጀት ዓመት፣ ወረርሽኙ ገና ሳይመጣ፣ የበጀት ጉድለቱ ወደ 1 ትሪሊዮን ዶላር ተጠግቶ ነበር። ኮከሱ ያን ጊዜ ያሰማው ድምፅ በኦባማ ዘመን ካሰማው ጋር ሲነጻጸር ሹክሹክታ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዶናልድ ትራምፕ በኋላ ምን ተለወጠ?

የክርክሩ መስመር ተለወጠ። ቀድሞ ክርክሩ በለዘብተኞችና በወግ አጥባቂዎች መካከል ነበር፤ አሁን ወግ አጥባቂ ነኝ በሚሉ ሁለት ወገኖች መካከል ነው። በሰኔ 2022 ብሔርተኛ ወግ አጥባቂዎች የመርህ መግለጫ አወጡ፤ በሐምሌ 2023 ደግሞ የሬጋንን መስመር የሚከተሉት የነፃነት ወግ አጥባቂዎች በሚል ስም የራሳቸውን አወጡ። አንደኛው አገርን፣ ድንበርንና ሃይማኖትን ያስቀድማል፤ ሌላው የግለሰብን ነፃነት፣ ገበያንና የተወሰነ መንግሥትን። የቀድሞው ምክትል ፕሬዚዳንት ማይክ ፔንስ በ2021 የመሠረቱት ድርጅት በሁለተኛው ወገን ቆሞ ቀረጥ መጣልን ሲነቅፍ ቆይቷል። የምክትልነት ሥልጣን ይዞ የነበረ ሰው ይህን በአደባባይ መናገሩ ብርቅ ነው፤ ፓርቲው ያዳመጠው ግን ጥቂት ነው።

ለውጡ በወረቀት ላይም ይታያል። በ2020 ፓርቲው አዲስ ፕሮግራም አልጻፈም፤ የ2016ቱን ይዞ ቀጠለ። በ2024 ሚልዋኪ ላይ የጸደቀው 16 ገጽ ያህል ሲሆን የ2016ቱ ከ50 ገጽ በላይ ነበር። ኮሚቴው ለጋዜጠኞች በር ዘግቶ ተሰበሰበ፤ ከ1976 ጀምሮ በፕሮግራሙ ውስጥ የነበረው ያልተወለደውን ሕፃን በሕገ መንግሥት ማሻሻያ የመጠበቅ ጥሪም ወጥቶ ጉዳዩ ለግዛቶቹ ተተወ። የፅንስ ማቋረጥ ተቃዋሚዎች ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ የጠበቁትን፣ የፅንስ ማቋረጥን ሕገ መንግሥታዊ መብትነት የሻረውን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በ2022 በትራምፕ ዳኞች አማካይነት አገኙ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በዚያው ሰው እጅ ከፕሮግራሙ ላይ አንቀጻቸውን አጡ። ለግዛቶች መተዉ ራሱ ነባር መርህ ነው የሚሉ አሉ፤ ክርክሩ ሐቅ አለው።

ካልተመቻቸው የራሳቸውን ፓርቲ ለምን አያቋቁሙም?

የምርጫ ሥርዓቱ አይፈቅድላቸውም። ወንበሩን የሚወስደው ብዙ ድምፅ ያገኘው ብቻ ስለሆነ ፓርቲን ለሁለት መክፈል ለተቃዋሚ ድል መስጠት ነው። በ1912 ቴዎዶር ሩዝቬልት ከሪፐብሊካን ወጥቶ የራሱን ፓርቲ መሠረተ፤ እሱ 88 ወኪል መራጮች አገኘ፣ ፕሬዚዳንት ታፍት 8 ብቻ፣ ዴሞክራቱ ውድሮው ዊልሰን 435። በ1992 ከሁለቱ ፓርቲዎች ውጪ የተወዳደረው ሮስ ፔሮት ከመራጩ ሕዝብ 19 በመቶ ገደማ አግኝቶ አንድም ወኪል መራጭ አላገኘም። ቡካናን በ2000 ከፓርቲው ወጥቶ ሲወዳደር አንድ በመቶ እንኳ አልሞላለትም።

አንድ ፖለቲከኛ በእርግጥ የመርህ ሰው መሆኑን በምን መለየት ይቻላል?

ተቃዋሚው ሥልጣን ላይ ሳለ የተናገረውን ትተው፣ የራሱ ፓርቲ ሥልጣን ሲይዝ የሰጠውን ድምፅ ይመልከቱ። በሐምሌ 2025 የትራምፕ ሰፊ የግብርና የወጪ ሕግ ለተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ፣ የኮንግረሱ የበጀት ጽሕፈት ቤት በአሥር ዓመት ውስጥ ጉድለቱን በ3.4 ትሪሊዮን ዶላር እንደሚያሳድገው ገምቶ ነበር። ዕዳን እንጠላለን የሚሉ በርካታ አባላት ሕጉን ለክርክር በሚያቀርበው የሥነ ሥርዓት ድምፅ ላይ እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ አንገራገሩ፤ ድምፅ መስጫውም እንደ 2003ቱ ለሰዓታት ሳይዘጋ ቆየ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ተመለሱ። በማግስቱ ሕጉ 218 ለ214 ሲያልፍ የተቃወሙት ሪፐብሊካኖች ሁለት ናቸው፤ ከሁለቱ ዕዳውን ምክንያት ያደረገው የኬንታኪው ቶማስ ማሲ ነው። ፕሬዚዳንቱ በቅድመ ምርጫ ተፎካካሪ እንደሚያስነሡበት በይፋ ዝተውበት ነበር። ማሲ በሙያው መሐንዲስ ነው፤ በኮቱ ደረት ላይ የአገሪቱን ዕዳ የምትቆጥር፣ ራሱ የሠራት ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ይለጥፋል። ቁጥሯ ምክር ቤቱን ዴሞክራትም ሪፐብሊካንም ቢመራው ወደ ላይ ይሮጣል።